መቶ ዲግሪ በመካነ ሰላም

ኅዳር 2፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ክብርት ማስታወሻዬ፣ ተነሥተሽ በአክብሮት አድምጪ። የትምህርት ቤታችን ብቸኛዋ ቴርሞሜትር ባደረባት ድንገተኛ ስብራት ዛሬ ረፋድ 4፡20 ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ሟች ባለ ቀይ አልኮል፣ እስከ መቶ ዐሥር ዲግሪ የምትቆጥር፣ በሦስት ርእሳነ መምህራን ሥር በታማኝነት ያገለገለች ነበረች። ገዳይዋ ተሰውሯል እንዳይባል፣ እኔ ነኝ። ዱቄት እያማሰልኩባት ነበር። ማንኪያ ጠፍቶ።

ቀብሯ በቤተ ሙከራው የቆሻሻ ባልዲ ተፈጸመ። ንብረት ክፍል የሞት የምስክር ወረቀት ጠየቀ፤ እነሱ «የተሰበረ ዕቃ ቅጽ» ይሉታል። በሦስት ኮፒ። ኮፒ ማድረጊያው መብራት ይፈልጋል። መብራት የለም። ሐዘኑ በዚህ ምክንያት ተራዝሟል።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሙቀት ነው። የማቅረቢያ ቀን ታኅሣሥ 20። ሁለት ጊዜ አራዝሜያለሁ፤ ሦስተኛ የለም፣ ምዝገባዬ ይሰረዛል። አራት ክረምት የተመላለስኩበት። ወደ ኩታበር፣ ወደ እናቴ አጠገብ የመዛወር ተስፋዬም በዚያች ወረቀት ላይ ነው። እናቴ በደወለች ቁጥር «ዲግሪሽ አልደረሰም?» ትላለች። ሊጥ ይመስል።

ኅዳር 4፣ ምሽት 12 ሰዓት

አንቺ ኬሚስትሪ ስላልተማርሽ ላስረዳሽ። አማካሪዬ፣ ዶክተሩ፣ የሰጡኝ አውራ ጣት የምታክል ብልቃጥ አለች። ውስጧ ሁለት ዓይነት ዱቄት ተደባልቋል። በቀን ስታዪው ነጭ፣ የበሶ ዘመድ። ሐምራዊ መብራት ሲያርፍበት ግን አንዱ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ ያበራል። ቀዩ ሙቀት አይወድም፤ በሞቀው ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል። አረንጓዴው እንደ ነባር የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ቢሞቅም ቢበርድም ሥራው ያው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ከተቀባ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ነገሩ እየሞቀ ሲሄድ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ በመጨረሻ አረንጓዴ። በስልክ ፎቶ ታነሻለሽ፣ የቀዩን ብርሃን ለአረንጓዴው ታካፍያለሽ፣ ሙቀቱን ይነግርሻል። ሳትነኪው። እየተሽከረከረም ቢሆን። መመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነው። የቀረው ሰማንያ ገጽ ምስጋናና ማውጫ ነው።

ሐምራዊ መብራት ከየት ይገኛል? ከሐጂ እንድሪስ። የእህል ነጋዴ፣ የወፍጮ ቤት ጌታ፣ የሐሰተኛ ብር መፈተሻ መብራት ባለቤት። በገበያ ቀን አያውሱም። በሌላው ቀን ያውሳሉ፣ ከምክር ጋር። የዛሬው ምክር፦ ልጄ፣ የሚያበራ ዱቄት አትብይ። በክብር መዝገብ ሰፍሯል።

አሁን ዋናው ነገር። የትኛው ቀለም ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማን ይንገረኝ? የምትነግረኝን ገድያታለሁ። ሳይንስ ግን ድኻ አይንቅም። የሚቀልጥ በረዶ ዜሮ ነው፤ የሚፈላ ውኃ መቶ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የማስተምረው ራሴ ነኝ። በረዶ ከጁስ ቤት ለመንኩ። ውኃ በቡታጋዝ ጣድኩ። ዱቄቱን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም (እንዲህ ያለ ነገር ይሸጣል፣ አትገረሚ) ለውሼ ቆርቆሮ ላይ ቀባሁ። ጋቢ ተከናነብኩ፣ ከነመብራቴ ከነድስቴ።

በረዶው ውስጥ፦ ቀይ፣ እንደ ሚጥሚጣ። የሚፈላው ውስጥ፦ አረንጓዴ፣ እንደ ሽምብራ እሸት። ሁለቱን ውኃ እኩል ስቀላቅል፦ ቢጫ። ሃምሳ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ነጥብ፣ አንድ መስመር፣ ቀጥ ያለ! በደስታ ስነሣ ጋቢው እሳት ሊይዝ ምንም አልቀረው።

ኅዳር 8፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መብራቱን ልመልስ ሄጄ ተያዝኩ። ሐጂ ዱቄቱ ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገርኳቸው። ወዲያው ገባቸው። የመመረቂያ ኮሚቴው በአንድ ሰዓት አልገባውም ነበር። ልዩነቱ፣ ሐጂ የሚሽከረከር ድንጋይ አላቸው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከወር ወዲህ የወፍጮ ቤታቸው ዱቄት የተቃጠለ የተቃጠለ ይሸታል። ሴቶቹ ያጉረመርማሉ። አዲስ እህል በሚገባበት ሰሞን ደንበኛው ወደ ታችኛው ወፍጮ እየጎረፈ ነው። ሐጂ ጥፋተኛ አግኝተዋል፤ ወፍጮውን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዙት ጋሼ ይመር። ክሱ፦ ቶሎ ለመጨረስ ድንጋዩን አጥብቆ ያፋትገዋል፣ ድንጋዩ ይግላል፣ ዱቄቱ ያርራል። የጋሼ ይመር መልስ፦ ድንጋዩን የምወቅረው እኔ፣ የማውቀው እኔ፤ የሚሸተው ቺንጋው ነው፤ ቀይሩልኝ ካልኩ ክረምት አለፈ። (ቺንጋ ማለት ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። አንቺ ወፍጮ ቤት ስለማትሄጂ ነው የምነግርሽ።)

ግድግዳው ላይ ከማሽኑ ጋር የመጣ ወረቀት ተለጥፏል፣ በዱቄት ተሸፍኖ። ድንጋዩ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ይላል። ለክቶ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ዳኛው ማን ይሁን? ሐጂ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ምዕራፍ አምስት አየሁ። ምዕራፍ አምስት «የመስክ ሙከራ» ይላል። ባዶ ነው።

ፈራሁ። ሞቆ ከተገኘ ሊያባርሯቸው ነው ወይ አልኩ።

«አብሽሪ ልጄ፣ እኔ ሰው በሐሜት አላባርርም። በዲግሪ ነው የማባርረው።»

ጋሼ ይመር ዱቄት በዱቄት ሆነው ከውስጥ ብቅ አሉ። ሰምተዋል። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፦ «ይምጣ መብራቱ! ሰው ሲመሰክርብኝ ከረመ፤ እስቲ ዕቃ ይመስክርልኝ።»

ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ወፍጮ ቤቱ በቀንም ጨለማ ነው፤ ለሳይንስ ግን አይበቃም። በር ተዘጋ። ጋቢ ተዘረጋ። እዚህ ላይ አስተዳደራዊ ችግር ተከሠተ፦ መምህርትና ባለትዳር በአንድ ጋቢ ሥር። ውጭ ወረፋ የያዙት ሴቶች ወሬ ድንገት ቀጥ አለ፤ ይህ በወፍጮ ቤት ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ የጋሼ ይመር ባለቤት እትዬ ዘርፌ በታዛቢነት ተጠሩ። መጡ፣ መሀል ገቡ፣ ጉባኤው ተሟላ።

የሚያበራውን ቀለም እንደ ጭረት ድንጋዩ ጠርዝ ላይ የቀቡት ጋሼ ይመር ናቸው። የጥፍር ቀለም ብሩሽ በዚያ በሚያክል ጣት ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ቋጥረው። እትዬ ዘርፌ አላሳለፏትም፦ «ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ቀብተህልኝ ታውቃለህ?» እሳቸው፦ «ድንጋይ ሲቀቡት ዝም ይላላ!»

ሞተሩ ተነሣ። ጭረቷ ዞራ ዞራ ቀለበት ሆነች። በጨለማው ውስጥ ቀይ ቀለበት። ታምር ነበር፤ ይህን ግን ከሳይንስ ውጭ መዝግቢው።

ግማሽ ሰዓት ጤፍ ፈጨን። ቀለበቷ ብርቱካን ሆነች። ቢጫ ሆነች። ቢጫውን ትንሽ አለፈች። ጋሼ ይመር በየመሀሉ የእጃቸውን ጀርባ ከሚወርደው ዱቄት ሥር ይዘረጋሉ፣ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። ደህና ነው ይላሉ። ደህና ስንት ዲግሪ ነው አልኳቸው። «ደህና ደህና ነው» አሉኝ። በልቤ ሳቅሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ቴርሞሜትር! አልኩ። ሳይንቲስት ነኛ።

ዐሥር ፎቶ። አካፈልኩ። መስመሬ ላይ አኖርኩ። ስድሳ አራት።

ደግሜ አካፈልኩ። ስድሳ አራት።

በዚህ መሀል ሐጂ በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ፤ መብራቴ ሲነካቸው ነጭ ጥምጣማቸው ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። የልብስ ሳሙና ነው፤ የሚያበራ ነገር ይጨምሩበታል። ከደጅ ያዩት ሴቶች ግን «ያ ረቢ!» አሉ፣ አንዷም ተንበረከከች። የሳሙናውን ነገር ልናገር አሰብኩና ተውኩት። ሰው ወሊ በሆነበት ደቂቃ ኬሚስትሪ አይነሣም።

ኅዳር 12፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ፍርድ ቤት አይደለሁም። ይህን ዛሬ በወፍጮ ቤቱ ግቢ፣ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ወረፋ በሚጠብቁ ሃያ ሴቶች ፊት ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። ፍርድ ቤት መሆን እንዴት ደስ እንደሚል የገባኝም ያኔ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ድምፄ የሬዲዮ ሆነ። በተደረገው ሳይንሳዊ ልኬት መሠረት የድንጋዩ ሙቀት ስድሳ አራት ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል፣ አልኩ። ሐጂ የግድግዳውን ወረቀት በእጅጌያቸው ጠርገው ስድሳ የምትለውን በጣታቸው አሳዩ። ከዚያ፦ «መብራቱ መሰከረ።»

ከሴቶቹ አንዷ፦ «በአራት ዲግሪ ሰው ይባረራል እንዴ፣ ቲቸር?» ሌላዋ ቀበል አድርጋ፦ «በአንድ ነጥብ ማትሪክ የወደቀ ልጅ የለሽም አንቺ!» ሳቅ። እኔም ሳቅሁ።

ጋሼ ይመር አልተከራከሩም። ምስክሩን የጠሩት ራሳቸው ነበሩ። የእጃቸውን ጀርባ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ኅዳር 15፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ጋሼ ይመር ተሰናበቱ። ወፍጮውን የሐጂ የእህት ልጅ ያዘው፣ ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው ጎልማሳ፤ እስከ ትናንት ጫማ ይሸጥ ነበር። ጋሼ ይመር አጅባር ሥራ ይኖር እንደሁ ብለው ሄደዋል አሉ።

አማካሪዬ በስልክ ደስ አላቸው። የመጀመሪያ ጊዜ ነው። «የመስክ ውጤትሽ ሕይወት አለው» አሉኝ። አዎ፣ የአንድ ሰው።

ምዕራፍ አምስትን በአንድ መቀመጫ ጻፍኩት። ርእሱ፦ «ዱቄቱ የብልሽትን ምንጭ በመለየት ረገድ ያስገኘው ስኬት»። ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። አንዱ ሚስቱ ስትቆጣ ስንት ዲግሪ እንደምትደርስ ለኪልኝ አለ። ሌላው፣ ቁጣዋን ሳይሆን አንተን ስታይ ስንት ዲግሪ እንደምትቀዘቅዝ ትለካልህ አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሻዩ አልጣፈጠኝም። ስኳር አነሰው ብዬ ጨመርኩ። አልጣፈጠም።

ግን ቁጥር ነው። ቁጥር ምን አደረገ? ቁጥር አያዳላም።

ኅዳር 19፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዶክተሩ ዲጂታል ቴርሞሜትር በሚኒባስ ላኩልኝ። ከደሴ ተነሥታ፣ አቀስታ ላይ ሹፌሩ ምሳ ሲበላ እሷም አብራ አርፋ፣ በደህና ገባች። ትእዛዝ፦ የቀለም መስመርሽን በዚህ አረጋግጪና ምዕራፍ ሦስት ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨምሪ። የአምስት ደቂቃ ሥራ።

በረዶ፦ ዜሮ። ድንቅ።

የሚፈላ ውኃ፦ ዘጠና አንድ።

ጠበቅሁ። ዘጠና አንድ። ክዳን ከደንኩ። ቡታጋዙን ከፍ አደረግሁ። ውኃው ተንተከተከ፣ ገነፈለ፣ እሳቱን አጠፋ። ለኮስኩ። ዘጠና አንድ። ውኃ ቀየርኩ፣ ድስት ቀየርኩ፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። ንቅንቅ የለም። እንዲህ ያለ ግትር ዕቃ ኮሚቴ ውስጥ እንጂ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

ፎርጅድ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? የዋሁን ዶክተር አንዱ ነጋዴ ጉድ ሠርቷቸዋል። የተቃውሞ ደብዳቤ አረቀቅሁ። ጉዳዩ፦ በዘጠኝ ዲግሪ ስለ መታለል።

ኅዳር 20፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጠዋት ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። ስኳር ገዛሁና እትዬ ዘርፌ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ይመር አልተመለሱም። አጅባር ያለው ወፍጮ ሰው አይፈልግም፤ ወደ ኩታበር አልፈዋል። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በየወፍጮ ቤቱ ደጅ «ሰው ትፈልጋላችሁ?» እያሉ። አሰናባቹ ማነው ሲባሉም መብራት ነው ይላሉ መሰለኝ።

እትዬ ዘርፌ አልተኮሳተሩብኝም። ቢኮሳተሩ ይሻለኝ ነበር። የባቄላ ንፍሮ አቀረቡልኝ፤ ማለዳ የተጣደ ነው፣ ገና ይንኮሻኮሻል። ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን!

«እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፣ የዓባይ በረሃ። እናቴ ቤት ንፍሮ ጥደሽ ውኃ ቀድተሽ ስትመለሺ በስሎ ታገኚዋለሽ። ደጋ ተድሬ የመጣሁ ጊዜ ድስቱን ጠረጠርኩ፣ እንጨቱን ጠረጠርኩ፣ ወላሂ አማቴን ሁሉ ጠረጠርኩ። ኋላ ነው የገባኝ። የዚህ አገር ውኃ ይፈላል እንጂ አይተኩስም።»

ባቄላው አፌ ውስጥ ቀረ።

ይፈላል እንጂ አይተኩስም። የአየር ግፊት። ከፍታ ሲጨምር ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲቀንስ ውኃ ሳይግል ይፈላል። አስተምሬዋለሁ! ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥዬ! ለምሳሌ የሣልኩት የሩቅ አገር በረዷማ ተራራ ነበር፤ የቆምኩበት ተራራ ትዝ ሳይለኝ። ደጋ ተወልጄ፣ ደጋ አድጌ፣ ደጋ ላይ ቆሜ ውኃ በመቶ ይፈላል ብዬ መስመር አሰመርኩ። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ድስቱ የተጣደው መካነ ሰላም ነው።

ቴርሞሜትሩ ፎርጅድ አይደለም።

ጠረጴዛቸው ላይ በጣቴ አሰላሁ። መቶ ያልኩት ዘጠና አንድ ከሆነ፣ ሃምሳ ያልኩት አርባ አምስት ተኩል ነው። ስድሳ አራት ያልኩት… ሃምሳ ስምንት።

ከስድሳ በታች። ደህና ማለት ሃምሳ ስምንት ነበር።

«ምነው፣ አልዋጥልሽ አለ?» አሉኝ እትዬ ዘርፌ። አልነገርኳቸውም። ስኳሩን ትቼ ወጣሁ። ፈሪ መሆኔን እዚህ ጻፊልኝ፣ በትልቁ።

ኅዳር 22፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መጀመሪያ ሐጂ ዘንድ። ወፍጮ ቤቱ ገና ከደጁ ይሸታል፤ የተቃጠለ ጎማ። ጋሼ ይመር ከሄዱ ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ሽታው አልተሰናበተም። የእህት ልጅ ቺንጋው ላይ ውኃ ይረጫል። ሐጂን ይህ ምንድን ነው አልኳቸው። ድንጋዩ የይመርን አመል ገና አልረሳም አሉኝ። በዚህ አነጋገር ፊት ሳይንስ ምን ይላል?

ነገርኳቸው። ከፍታውን፣ ግፊቱን፣ ሃምሳ ስምንቱን። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ፦ «ቲቸር፣ መብራቱ አንዴ መስክሯል። ቃሉን የሚለውጥ ምስክር ሐሰተኛ ነው።» መብራቱ አልተሳሳተም፣ እኔ ነኝ አልኩ። «እንግዲያ አንቺ ንስሐ ግቢ። ይመር ግን አይመለስም። የእህቴን ልጅ ትናንት ቀጥሬ ዛሬ ባባርረው፣ እህቴ ስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ አታውቂም።»

ደግሜ ልለካ፣ መብራቱን ያውሱኝ አልኩ። ተበላሽቷል አሉ። መብራቱ ከፊታቸው መደርደሪያው ላይ በርቶ ነበር። ሁለታችንም አየነው።

ቀጥሎ አማካሪዬ። ኔትወርክ ፍለጋ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ አንድ እግሬን ድንጋይ ላይ አድርጌ። ቁጥሮቹን ማረም ቀላል ነው አሉ። ችግሩ ምዕራፍ አምስት። የዱቄቱ የራሱ ስሕተት ሦስት ዲግሪ ያህል ነው፤ ሃምሳ ስምንት ሲባል ስድሳን ማለፉም አለማለፉም አይታወቅም። ስለዚህ ተለይቶ የታወቀ የብልሽት ምንጭ የለም፣ ስኬት የለም። ምዕራፉ ከወጣ ጽሑፉ የመስክ ሙከራ ስለሚጎድለው ታኅሣሥ 20 ላይ መቅረብ አይቻልም። ካልቀረበ ምዝገባው ይሰረዛል። እና ምን ላድርግ አልኳቸው። ውሳኔው የአንቺ ነው አሉ። ደብቂ አላሉኝም። አትደብቂም አላሉኝም። ዶክትሬት የሚሰጠው ለዚህ ችሎታ ይመስለኛል።

ኅዳር 23፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

በሕጋዊ መንገድ ሞከርኩ። እርማቱን በደብዳቤ ጽፌ፣ ማኅተም ይኑረው ብዬ ርእሰ መምህሩ ጋ ገባሁ። ጉዳዩ፦ የውኃ መፍላትን ይመለከታል። አነበቡት። አገላበጡት። ውኃ ከሆነ ውኃ ጽሕፈት ቤት ነው የሚመለከተው አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም።

ራሴን ለማሳመን ብዙ ክርክር አቀረብኩ፣ ይኸው ይመዝገብ። አንድ ሰው ናቸው፣ ሌላ ሥራ ያገኛሉ። ቺንጋው ነገ ይበጠሳል፣ እውነቱ ያን ጊዜ ይወጣል። ኮሚቴው መካነ ሰላም ድረስ መጥቶ ውኃ አያፈላም። ክርክሮቹ ጥሩ ናቸው። ጠበቃ ቢሆኑ እቀጥራቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛ ክፍል። ክለሳ። ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል አልኩ። ስድሳ ድምፅ ባንድነት፦ «በመቶ!» እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

ኅዳር 25፣ ምሽት 12 ሰዓት

እትዬ ዘርፌ ቤት ተመለስኩ። በር ላይ ቆሜ ነገርኳቸው፤ ግቢ ቢሉኝም አልገባሁም። ድንጋዩ አልገለም፣ የለካሁበት መለኪያ ነው የተጣመመው፣ አፉ በሉኝ አልኩ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። አላለቀሱም። ተቆጡ፤ ተመስገን።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ ባሌን አላውቀውም? ሃያ ሴት ፊት ያወረድሽውን ስም መጥተሽ በጓዳ ልታነሺው ነው?»

ይህንኑ ነበር መንገዱን ሙሉ ሳስብ የመጣሁት፤ እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ይመር ትናንት ደውሏል አሉ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው። ኩታበር ላይ አንድ ባለወፍጮ በምን ተሰናበትህ ብሎ ጠይቋቸው፣ «አቃጥለሃል ተባልኩ» ብለዋል። እንዲህ ነው ያሉት። መብራት ነው አላሉም፣ ቲቸር ናት አላሉም። አቃጥለሃል ተባልኩ። ባለወፍጮውም አልቀጠራቸው።

ኅዳር 27፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ገበያ ነው ዛሬ። የጆንያ ወረፋው ከአሁኑ እስከ አስፋልቱ ደርሷል።

ጎሕ ሲቀድ ለዶክተሩ መልእክት ላክሁ። ምዕራፍ አምስት ወጥቷል፣ ታኅሣሥ 20 አልቀርብም፣ ለደረሰው ሁሉ ይቅርታ። ላክ የሚለውን ስጫን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ መርፌ እንደሚወጋ ሰው። ለእናቴ ገና አልደወልኩም። አንድ ቀን አንድ ፍርሃት ይበቃል።

ጽሑፉን በትልልቅ ፊደል በካርቶን ላይ ጽፌዋለሁ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ሐጂ እንደሚቀድዱት አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ ጆንያ ላይ ወጥቼ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ማኅተም የለውም። ለማስረጃ አንድ ቅጂ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፦

እርማት።
ለወፍጮ ቤቱ ደንበኞች በሙሉ። ኅዳር 12 ቀን በዚህ ግቢ በመምህርት ሰዓዳ በተሰጠው መግለጫ «ስድሳ አራት ዲግሪ» የተባለው «ሃምሳ ስምንት ዲግሪ» ተብሎ እንዲታረም፤ ምክንያቱም መግለጫ ሰጪዋ የመካነ ሰላም ውኃ በመቶ ዲግሪ የሚፈላ መስሏት ስለነበር ነው። አቶ ይመር ድንጋዩን አግለዋል፣ ዱቄቱን አሳርረዋል ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አልተገኘም፣ አስቀድሞም አልነበረም። ሽታው እሳቸው ከሄዱም በኋላ ስላልለቀቀ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩት ሰው ደጋግመው እንዳመለከቱት ቺንጋው እንዲታይ። በዕለቱ «መብራቱ መሰከረ» ተብሎ የተነገረውም «መምህርቷ ተሳሳተች» ተብሎ ይነበብ።